በሎሚው ዛፍ ላይ ያረፈው ጥጥ

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ በትምህርት ቤታችን በር ላይ የተደረደሩትን አበባዎች ሲያጥቡ አጠገባቸው ቆሜ እያስረዳኋቸው ነበር። አንዷ ልጅ የልብስ ሳሙና በባልዲ ውሃ ታሟሟለች። ሌላዋ ከአጥሩ ስር ካለችው የሎሚ ችግኝ ቅጠል ቀጥፋ በመዳፏ እያሸች ታሸታለች። ሁለቱ ሽታዎች አፍንጫዬ ላይ ሲገናኙ ማብራሪያዬን አቋረጥኩ። እኔ ማብራሪያ የማቋርጥ ሰው አይደለሁም፤ ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ሥራቸውን ትተው ቀና ብለው አዩኝ።

«ቲቸር፣ አመመሽ?» አለችኝ ባለባልዲዋ።

አላመመኝም። እኔ ራሴ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ዓመት፣ በአንድ የሁዳዴ ጾም ወራት፣ ጉለሌ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። እጄ እስከ ክርኔ ድረስ በሳሙና አረፋ ተነክሯል፤ ከጎኔ ጓደኛዬ ታደለች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የዛፍ ቅርንጫፍ ትፈትጋለች።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ግቢያችን ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዞ የሚወርደው ጎርፍ በራችን ስር ያልፋል። ትልቁ ቤት የባለቤቷ የእማማ በላይነሽ ነው። ከእሱ ጎን እኔና እናቴ የተከራየናት አንድ ክፍል አለች። በጓሮ በኩል ደግሞ ጋሽ ጦናና ባለቤቱ እትዬ አማረች ከልጃቸው ከታደለች ጋር ይኖራሉ። ጋሽ ጦና ሸማኔ ነው። በቆርቆሮ በተሸፈነች ዳስ ውስጥ መሬቱን ቆፍሮ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ ቀኑን ሙሉ ይሸምናል። ወደ ግቢው የገባን ሰሞን ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ስለማይታየኝ እግር የሌለው ሰው መስሎኝ በጣም አዝኜለት ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሊበላ ተነሥቶ ቆመ። ጮኼ ወደ ቤት ገባሁ። ታደለች ይህን ታሪክ ለክፍላችን ልጆች በሙሉ ነገረችብኝ፤ «ሕይወት አባቴ እግር አበቀለ ብላ ሮጠች» እያለች።

እትዬ አማረች ጥጥ ታባዝታለች። ያላያችሁት እንደሆነ፣ ማባዘት ማለት የተጨማደደውን ጥጥ እንደ ደመና ማፍታታት ነው። ደጋን የሚባል ቀስት የመሰለ እንጨት አላት፤ የተወጠረውን ጅማት ጥጡ ላይ አስጠግታ ስትመታው «ድው፣ ድው» ይላል፤ ጥጡም እየዘለለ ይላላል። ያን ጊዜ ብናኙ በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲዋኝ ይታያል። በጸጉራችን፣ በሽሮው ድስት ክዳን፣ በተሰጣ ልብስ፣ በውሻው ጆሮ ሳይቀር ጥጥ አይጠፋም ነበር። እኛ ለምደነዋል። ጥጥ ያልነካው ነገር ብናይ ነበር የሚገርመን።

የግቢው ንግሥት ግን ሎሚዋ ናት። እማማ በላይነሽ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ግማሹን ግቢ ታጠላለች። ለበዓል ዶሮ የምታጥብ የሰፈር ሴት ሁሉ የሚጣፍጥ ቃል አዘጋጅታ በራችንን ታንኳኳለች፤ እማማም በረንዳቸው ላይ እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ ማን ሦስት ሎሚ ማን አንድ ሎሚ እንደሚገባት ይፈርዳሉ። እማማ ክር ሲፈትሉ እንደ ጸጉር የቀጠነና የማይበጠስ ነው። ከእሑድና ከበዓል ቀን በቀር እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። ምላሳቸውም እንደዚያው ከሥራ አይቦዝንም።

ነጩ ነገር የታየው ጾሙ በገባ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ቅርንጫፎቹ በሚጋጠሙበት ጉጥ ላይ፣ ከዚያ በቅጠሎቹ ጀርባ፣ ከዚያ ሎሚዎቹ ከቅርንጫፉ ጋር በተያያዙበት አንገት ዙሪያ። ለስላሳ፣ ነጭ፣ የተባዘተ ጥጥ የሚመስል።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛፏ በርዷት ጋቢ የለበሰች ነበር የመሰለኝ።

እማማ ግን ደስ አላላቸውም።

«አማረች!»

«አቤት እማማ።»

«ነይ ወዲህ፣ ነይ ጉድሽን እዪ! ይሄ ምንድነው?»

እትዬ አማረች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ አየች። «ጥጥ ይመስላል።»

«ይመስላል? ጥጥ ነው እንጂ! ዛፌን ሸማ ልታለብሺያት ነው? እስኪ ምን ብላ ትተንፍስ? አፍንጫዋን ደፈንሽው እኮ!»

 እውነቱን ለመናገር እትዬ አማረችም ጥጥ ነው ብላ አምናለች። ማን ያላመነ አለ? ጥጥ በሚዘንብበት ግቢ ነጭ ነገር ሲታይ ሌላ ነገር ማን ያስባል? በዚያው ቀን ደጋኗን ይዛ ወደ ጓሮ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄደች።

ቀናት አለፉ። ነጩ ነገር አልቀነሰም። የዛፏ ቅጠሎች ደግሞ ዘይት እንደተቀቡ ያብረቀርቁ ጀመር፤ ሲነኩ ይጣበቃሉ። አንዱን ላስኩት፤ ይጣፍጣል። ለታደለች በሹክሹክታ «ዛፏ ከረሜላ እየሠራች ነው» አልኳት። እሷም ላሰችና «ጉንዳኖቹ ቀድመውናል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከግንዱ ስር እስከ ላይ ድረስ ጥቃቅን ጉንዳኖች ተሰልፈው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በዚያ ሰሞን ሳጥን አንግበው ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን የሚከትቡ ሴቶች ወደ ሰፈራችን መጥተው ነበር። እኔም ጉንዳኖቹ እንደነሱ መሰሉኝ፤ የታመመችውን ዛፍ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየዞሩ የሚከትቡ። መንገድ እንዳይዘጋባቸው ከግንዱ ላይ ቅርፊት እያነሳሁ አጸዳላቸው ነበር።

ቀጥሎ በሚጣበቀው ቅጠል ላይ ጥቁር ነገር ታየ፤ ጥላሸት የሚመስል። ይሄኛው ጥፋት በእናቴ ተሳበበ።

«ያንቺ ከሰል ነው» አሏት እማማ። «አንዷ በጥጥ፣ አንዷ በጥላሸት! ዛፌ ምን አደረገቻችሁ?»

እናቴ የከሰል ምድጃዋን ከበሩ ወደ ውስጥ አስገባች፤ እኛም ሽሮ በበላን ቁጥር በጭስ እናለቅስ ጀመር። ግን ጥቁሩ እየጨመረ ሄደ፤ ነጩም እንደዚያው። ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ይረግፉ ጀመር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ እትዬ አማረች በሩ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ደጋኗ በእጇ የለም። ታደለች ቦርሳዋን ሳታወርድ «ምን ሆንሽ?» አለቻት።

«ከፋሲካ በኋላ ቤት ልቀቁ ተብለናል» አለች። «ሸጎሌ በኩል አባትሽ ክፍል ሊያይ ሄዷል።»

ሸጎሌ ሩቅ አገር አይደለም፤ ሚኒባስ ይወስዳል። ለእኛ ግን የዓለም ዳርቻ ነበር። ጋሽ ጦና ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ደንበኞቹ የሚያውቁት፣ ታደለች የተወለደችው እዚህ ነው። አዲስ አከራይ ደግሞ መሬቱን ለሚቆፍር ሸማኔ ቤት ለመስጠት ያመነታል። ታደለች ሄዳ ሎሚዋ ስር ቆመችና ዛፏን በቡጢ መታቻት።

ከመታቻት ቅርንጫፍ አንድ ነጭ ነገር ደብተሬ ላይ ወደቀ። እፍ አልኩት። ጥጥ ቢሆን ይበር ነበር። አልበረረም። ደግሜ እፍ አልኩት።

ከዚያ ተራመደ።

«ታዱ!»

«ተይኝ።»

«ታዱ፣ ጥጡ እየሄደ ነው!»

ሁለታችንም ደብተሩ ላይ አጎነበስን። ሩዝ የምታክል ሞላላ ነገር ናት፤ ዱቄት ላይ የተንከባለለች ትመስላለች፤ በዳር በዳሯ ነጫጭ ክር የመሰሉ ነገሮች ተሰክተውባታል። በጣም ቀስ ብላ፣ ዕድሜ ልኳን ጊዜ እንዳላት ሁሉ፣ በሒሳብ ሥራዬ ላይ ታቋርጣለች።

ደብተሩን እንደ ትሪ ይዘን እማማ ዘንድ ሮጥን። እማማ መነጽራቸውን ሳያደርጉ አንድ ጊዜ ቃኘት አደረጉና «ነፋስ ነው» አሉን።

«ነፋስ የለም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጉንዳን ከስሩ ሆኖ ተሸክሞት ነው። ሂዱ፣ አጥኑ። አንቺ ደግሞ ታደለች፣ ለእናትሽ ጠበቃ መሆንሽ ነው?»

ከግቢያችን በር አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ነስሩ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። ነገሩን ሰምተው በእሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን መጡ፤ እማማ ወንበር አወጡላቸው። ጋሽ ጦናና እትዬ አማረች ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔና ታደለች ከእናቴ ጀርባ ቆምን።

ሐጂ ዛፏን አዩ፣ አገጫቸውን አሹ። «እማማ በላይነሽ፣ ይሄ ጥጥ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?»

«ሐጂ፣ ስድሳ ዓመት ጥጥ ፈትያለሁ። ጥጥ እኔን ያስተዋውቁኛል?»

ይህን ሲሉ ነው ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ የበራው። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ መሃል መግባት በእናቴ ቤት ያስቆነጥጣል። ገባሁ።

«ጥጥ ከሆነ ይፈተላላ!»

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሐጂ ግን እጃቸውን አነሱ። «ተያት። ምን አልሽ ልጄ?»

«ጥጥ ከሆነ ይፈተላል ሐጂ። ከዛፏ ላይ እንልቀምና እማማ ይፍተሉት። ክር ከሆነ ጥጥ ነው። ካልሆነ ጥጥ አይደለም።»

 ጋሽ ጦና፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ ሳቀ። «የልጅ ዳኛ» አለ።

እማማ ግን ቆጣ አሉ። «በሰንበት? እኔ በሰንበት እንዝርት ልይዝ?»

«እኔ እንኳ ሰንበቴ ዓርብ ነበር» አሉ ሐጂ፣ «ምን ዋጋ አለው፣ መፍተል አልችልም።»

እትዬ አማረች እንዳትፈትል ደግሞ የተከሰሰችው እሷ ናት። ስለዚህ ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ተቀጠረ። በዚያች ሰኞ አስተማሪዎቼ ምን እንዳስተማሩኝ አንድም አላስታውስም። ታደለች በየክፍለ ጊዜው «ቢፈተልስ?» እያለች ትጠይቀኛለች። «ቢፈተል በቃ እኔም አብሬያችሁ ሸጎሌ እሄዳለሁ» አልኳት። «እኛ ቤት አልጋ የለም» አለችኝ።

ሰኞ እማማ በረንዳቸው ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሐጂ ባሉት መሠረት ከእትዬ አማረች ባዘቶ ቆንጥረው ፈተሉ። እንዝርቷ ሾረች፤ ክሩ እንደ ውሃ ወረደ። «እንዲህ ነው ጥጥ» አሉ ወደ እኔ እያዩ። ከዚያ እኔና ታደለች ከዛፏ ለቅመን በቆርቆሮ ክዳን ያጠራቀምነውን ነጭ ነገር ተቀበሉ። በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ሳብ አደረጉ።

ተበጠሰ።

ደግመው ሳቡ። አሁን ተላቆጠ፤ እንደ ቅቤ ጣታቸው ላይ ተለጠፈ። እማማ ግንባራቸውን አኮሳተሩ። በእጃቸው ያልተፈተለ ነገር ኖሮ አያውቅም። ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ አድርገው እንደገና አሹት፤ ነጩ ጠፍቶ ብርቱካንማ ጭማቂ ወጣ። ከዚያ ከክዳኑ ላይ አንዷ፣ ጊዜ ያላት ዓይነቷ፣ የእማማን አውራ ጣት ጥፍር መውጣት ጀመረች።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። ጥፍራቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«በስመአብ! ይሄዳል!» እንዝርቱ ወደ አንድ ጎን፣ ክዳኑ ወደ ሌላ ጎን ሄደ።

ሐጂ ወንበራቸው ላይ እየተንፈራፈሩ ይስቁ ነበር። «ጥጥ እግር አለው እንዴ እማማ? ስድሳ ዓመት ሲፈትሉ አንድም ቀን አልሄደብዎትም?»

ታደለች አንገቴን አንቃ ትዘላለች። እትዬ አማረች ግን አልተነሣችም፤ እማማን እያየች ነበር። ልክ ነበረች፤ እማማ በቀላሉ የሚሸነፉ ሴት አይደሉም።

«እሺ፣ ጥጥ አይደለም» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ። «ተባይ ነው። ተባዩ ታዲያ ከየት መጣ? ከጥጡ ጆንያ ነዋ! ከገጠር ጆንያ ሙሉ ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ አይደላችሁ?»

ጋሽ ጦና ቀስ ብሎ ተናገረ። «እማማ፣ እኔ ጥጥ ለብሼ፣ ጥጥ ላይ ተኝቼ ነው የማድረው። ተባይ ቢኖርበት መጀመሪያ የሚበላው እኔን ነበር።»

«አንተንማ ምን ይበላሃል፣ አጥንት ብቻ ነህ!»

ሐጂ ገላገሉ። የተባዩ ምንጭ እስከ ፋሲካ ከተገኘና ከጥጡ ካልሆነ፣ ማንም አይወጣም። ካልተገኘ የእማማ ቃል ይጸናል። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ጦናም ነቀነቀ፤ ፊቱ ላይ ግን ተስፋ አላየሁበትም። ሸጎሌ ላለው ክፍል ቃል ሰጥቶ መጥቷል።

በማግስቱ አንዷን ተባይ በብልቃጥ ይዤ ለሳይንስ አስተማሪያችን አሳየኋት። ስሟ ሚሊባግ እንደሆነ ያን ቀን ሰማሁ። ነጩ ነገር ራሷ የምትሠራው ሰም ነው፤ እንደ ዝናብ ልብስ ለብሳው ውሃ አያገኛትም። ከስሩ ሆና አፏን ቅጠሉ ውስጥ ሰክታ የዛፉን ጭማቂ ትመጥጣለች። የማትፈልገውን ስኳር በኋላዋ በኩል ታወጣለች። እኔና ታደለች ከረሜላ ብለን የላስነው እሱን ነው። (ታደለች ይህን ስትሰማ ቀኑን ሙሉ ምራቋን ስትተፋ ዋለች።) ጥቁሩም ከሰል አይደለም፤ በዚያ ስኳር ላይ የሚያድግ ሻጋታ ነው። እናቴ በዚያው ምሽት ምድጃዋን ወደ ደጅ መለሰች፤ እማማ እንዲሰሙ ጓ አድርጋ ነበር ያስቀመጠችው።

ከሁሉ የከነከነኝ የጉንዳኖቹ ነገር ነው። ከታቢዎች አልነበሩም ለካ። እረኞች ናቸው። ስኳሩን ለመላስ ሲሉ ተባዮቹን ከጠላት ይጠብቃሉ፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍም ያዛምታሉ። እኔ ደግሞ መንገድ ስጠርግላቸው ከረምኩ።

ዘመቻው ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። ሐጂ ሳሙና ሰጡን፤ በቢላ ፍቀን በሞቀ ውሃ አሟሟነው። ሳሙናው የተባዩን ሰም ያቀልጥበታል። በዝናብ ውስጥ ልብሱን እንዳወለቀ ሰው ሆነ ማለት ነው። እትዬ አማረች በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ እየጠቀለለች ሰጠችን፤ በጉጥና በስንጥቅ ውስጥ የተደበቁትን በእሱ እየነካካን እናወጣለን። ቅጠሉን ከፊቱ ይልቅ በጀርባው፣ ሎሚውን ከሆዱ ይልቅ በአንገቱ ማጠብ ነው ዋናው ነገር፤ ተባዩ የሚወደው ጥላና ጥግ ነውና። እጅግ የተጎዱትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች ጋሽ ጦና ቆርጦ በፌስታል አስሮ ጣለ። ከታች ካለው ጋራዥ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት አመጣ። ከጋቢ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ግንዱ ላይ አጥብቆ አሰረ፣ በላዩ ፌስታል ጠቀለለበት፣ ዘይቱን ቅርፊቱን ሳይነካ ፌስታሉ ላይ ለቀለቀው። ጉንዳን ይህን አይሻገርም።

ከዚያ ወደ በረንዳው ዞሮ ጮክ ብሎ «እማማ!» አለ። «አሁን ሸማ አለበስኳት!»

እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ሁላችንም አየን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጩ ተመልሶ መጣ። እንደ በፊቱ ብዙ አይደለም፤ ግን አለ። እማማ «አላልኩም?» አሉ። ታደለች ባልዲውን ረገጠችው። እኔ ግን አስተማሪው ነግሮኝ ስለነበር እየተንጠራራሁ አብራራሁ፦ ያጠብናቸው ትልልቆቹን ነው፤ በዚያ ጥጥ በሚመስለው ከረጢት ውስጥ የነበሩት እንቁላሎች ደግሞ አሁን ተፈለፈሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማጠብ ማጠብ አይደለም። በየሳምንቱ፣ እስኪያልቁ።

«እኔ ልብሴን እንኳ እንዲህ አጥቤ አላውቅም» አለች ታደለች፤ ግን ብሩሿን አነሳች።

አጠብን። እንደገና አጠብን። ዛፏ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነች፤ አናቷ ላይ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ብቅ አለ። በዚህ ሁሉ መሃል ግን ምንጩ አልተገኘም። የጥጡን ጆንያ ገልብጠን፣ ባዘቶውን ቆንጥር በቆንጥር ፈትሸናል፤ አንድም ተባይ የለም። «የለም» ግን ለእማማ መልስ አይደለም። «ወጥተው ወደ ዛፌ ሄደው ነዋ» ይላሉ። ሆሳዕና ሊደርስ ነው። ጋሽ ጦና አካፋ ይዞ ወደ ዳሱ ሲገባ አየሁት፤ የመሸመኛውን እንጨቶች ነቃቅሎ አስሯቸዋል። ሲለቅ ጉድጓዱን እንዲደፍን ታዟል። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሲወድቅ ታደለች ጆሮዋን ያዘች።

ወደ ሎሚዋ ይዣት ሄድኩ። ምን እንደምላት ስላጣሁ ወደ ጉንዳኖቹ አመለከትኳት። በዘይቱ ምክንያት ግንዱን መውጣት አቅቷቸው ስሩ ላይ ይተራመሳሉ።

«ተራቡ» አልኩ።

«አልተራቡም» አለች ታደለች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እያቸው፣ ሆዳቸው ሞልቷል። ከየት ነው የሚመጡት?»

ተጎንብሰን ተከተልናቸው። ሰልፉ ከዛፏ ስር ተነሥቶ በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል፤ የበረንዳውን ደረጃ ይወጣል፤ ከእማማ መቀመጫ ጀርባ ይዞራል። እዚያ በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጄሪካን የተተከለች ወፍራም ቅጠል ያላት አበባ አለች። የእማማ እህት ልጅ ከመንገድ ዳር ገዝታ ያመጣችላቸው ናት፤ እማማ ጠዋት ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት እሷን ነው ውሃ የሚያጠጡት። ጉንዳኖቹ በጄሪካኑ ጎን ይወጣሉ።

አንዱን ቅጠል ቀስ አድርጌ ገለበጥኩት። ጀርባው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ከቅጠሉ መጋጠሚያ ውስጥ ነጭ በነጭ ላይ ተደራርቦ፣ ከአፈሩ ጠርዝ ስር ሳይቀር ሞልቶ ነበር።

«አንቺ ንገሪያቸው» አለችኝ ታደለች።

«አንቺ።»

«ጠበቃ ነሽ ይሉኛል።»

መንገር አላስፈለገንም። እማማ ከኋላችን ቆመዋል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው አጎነበሱ። ቅጠሉን ራሳቸው ገለበጡ። ከአንዱ ነጭ ነገር ቆነጠሩ፣ በጣታቸው መሃል አሹት፤ ብርቱካንማው ጭማቂ ወጣ።

እናቴ ከበሯ ሆና ታያለች። «ይቺ አበባ የመጣችው መቼ ነበር?» አሉ እማማ፣ ወደ እሷ ሳያዩ።

«ለገና ነው እማማ። ከጾሙ በፊት።»

 ከጓሮ የአካፋ ድምፅ ይሰማል።

«ለእህቴ ልጅ እንዳትነግሯት» አሉ እማማ በመጨረሻ። «ታዝናለች።» ጄሪካኑን ሁለታችን እንድንሸከመው፣ በጆንያ አፉን አስረን እንድንጥለው አዘዙን። እሳቸው ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ጥለን ስንመለስም በሩ ዝግ ነው። የተናደዱ መሰለኝ። ታደለች የሚያለቅሱ መሰላት። ከውስጥ የሳጥን ክዳን ሲከፈት፣ የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማ። ሲወጡ በሁለት እጃቸው አንድ ትልቅ ሰፌድ ይዘዋል፤ ሰፌዱ ላይ ለዓመት የፈተሉት ክር፣ እንደ እንቁላል የተድቦለቦለ፣ ተከምሯል። እንዲህ ዓይነት ክር እማማ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር የሚሰጡት፤ ጓሯቸው ላለው ጋሽ ጦና አንድም ቀን ሰጥተው አያውቁም። ክሯን የምትሰጥ ሴት ሸማኔዋን ትመርጣለች። ክሩን የሰጠችው ሰው ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ የትም አይሄድባትም።

ዳሱ በር ላይ ደረሱ። ጋሽ ጦና አካፋውን ይዞ ቀና አለ፤ ጉድጓዱ እስከ ግማሹ ሞልቷል። እትዬ አማረች ከታሰረው ዕቃ አጠገብ ቆማለች።

«ጋቢ ሸምንልኝ» አሉ እማማ፣ ሰፌዱን እየዘረጉ።

ጋሽ ጦና ክሩን አየ፣ እሳቸውን አየ። እጁን በሱሪው ጠርጎ አንዱን ድብልብል አነሳና በጣቱ መሃል ሳበው። ሳይበጠስ መጣ።

«ለፋሲካ አይደርስም፣ እማማ።»

«ማን ለፋሲካ አለህ? ለመስቀል ይድረስልኝ።»

«መስቀል እኮ... ገና ክረምቱ አለ። እኛ ደግሞ—»

«ለመስቀል ነው የምልህ! የት ትሄዳለህ?» አሉት። ከዚያ ወደ እትዬ አማረች ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺም ከዚያ ከሽንት ቤት ጀርባ ተመለሽ። ሎሚዋ ስር ጥላ አለ» አሏት።

እትዬ አማረች አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ጋሽ ጦና ሰፌዱን ተቀብሎ ለእሷ ሰጣት፤ ከዚያ አካፋውን አዙሮ ያዘና የሞላውን አፈር ከጉድጓዱ ወደ ውጭ መዛቅ ጀመረ። ታደለች ጮኸችና በልብሷ እንዳለች ዘላ ገባችበት። እኔም ተከተልኳት። በመዳፋችን እየዛቅን ወደ ላይ ስንወረውረው ግማሹ አፈር የእማማ እግር ላይ ይወድቅ ነበር፤ እማማም እየተራገሙ፣ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይሸሹ፣ «ጠለቅ አድርጉት፣ ጠለቅ!» ይሉናል።